ምዕራፍ አራት፦ ስለ እንጨት ጠባይና በቤት ውስጥ ስላለው የጽርበት ሥፍራ

በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ የእጅ ጥበብ ከመጽሐፍ ትምህርት ጋር ጎረቤት ሆኖ የኖረበትን ሰፈር ፈልግ ብባል ከልደታ ማርያም ርቄ አልሄድም። ከደብሩ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ በሚወስደው በኩል፣ ጠላት ከአገር በወጣ ማግሥት በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ይገኛል፤ ከዚያው ከልደታ ሳይወጡ ደግሞ በ1940ዎቹ አጋማሽ ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው፣ ሰው እስከ ዛሬ ሕንፃ ኮሌጅ እያለ የሚጠራው ተቋም አለ። ግንቦት 1 ቀን ልደቷ የሚከበርላት እመቤታችን ለጠባቂነት የታጨችው ለአረጋዊው ለዮሴፍ ለጸራቢው በመሆኑም፣ የዚህ ደብር ምእመን የእንጨት ሠሪን ክብር ከባዕድ አገር ፈላስፋ መበደር ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ወንጌሉን እያነበብን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን በንቀት ስም ስንጠራ ብዙ ዘመን ኖረናል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። አናጢው ከስድቡ ጥቂት ዳነ፤ ቤተ መቅደስ የሚሠራ እጅ ነውና።

ዛሬ የልደታ መልክ ተለውጧል። ጣራቸው የተያያዘ የጭቃ ምርጊት ቤቶች ፈርሰው በስፍራቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህም ቀላሉ ባቡር በሰፈሩ ያልፋል፤ ከጣቢያዎቹም አንዱ ልደታ፣ ሌላው ተግባረ ዕድ ይባላል። ቀድሞ በግቢው ጥግ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራ የነበረው ሰው ሥራውን ወደ በረንዳ ወይም ግቢው ገና ወዳልፈረሰበት ዘመዱ ዘንድ አዛውሯል። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ለእርሱ ነው፤ ይኸውም አናጢነትን ለእንጀራው ሳይሆን ለገዛ ቤቱና ለመንፈሱ ደስታ ብሎ ለያዘው፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ስፋቱ ሁለት ሜትር የሆነ ስፍራ ቢያገኝ ፈጣሪውን ለሚያመሰግነው ሰው። እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ገንዘብ በእጁ ሲገባ አስቀድሞ የሚያምረው ማሽን ነው። እኔ ግን ከማሽኑ በፊት የእንጨቱን ጠባይ፣ የመሥሪያውን ጠረጴዛና የመሮውን ስለት አስቀድማለሁ፤ ምክንያቴንም ነገሩ በየተራው ይናገረዋል።

እንጨት ሁሉ እንጨት ነው ብሎ የሚጀምር ሰው ገና ከመጀመሪያው ጣውላ ጋር ይጣላል። ዋንዛ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላ፣ ክብደቱ መካከለኛ፣ ለመሮም ለመላጊያም የሚታዘዝ፣ ከደረቀም በኋላ እምብዛም የማይጣመም በመሆኑ ከበሮው፣ ገበታው፣ የጅማው በርጩማና የመኳንንቱ ቤት መዝጊያ ከእርሱ ሲሠራ ኖሯል። ዝግባ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ቃጫው ቀጥ ያለና ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ሳይበሱለት ምስማር የሚመቱበትን ሰው በመሰንጠቅ ይቀጣዋል። የሐበሻ ጥድ መዓዛ ያለው፣ ምስጥም ብስባሽም በቀላሉ የማይደፍረው ስለ ሆነ አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ማገር መርጠውታል። ወይራን በውኃ ላይ ለማንሳፈፍ የሚሞክር ሰው ጥንካሬው ከክብደቱ ጋር እኩል መሆኑን ይረዳል፤ ለመዶሻና ለመጥረቢያ እጀታ፣ ለመላጊያም ገላ ከእርሱ የሚሻል ብዙ አላየሁም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳነ ባለውለታ ነው፤ ለጣውላ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ግንዱ ቆሞ ሳለ በውስጡ የተወጠረው ኃይል በመጋዙ ሲፈታ ጣውላው በዐይናችን ፊት ይጎብጣል፣ ጫፉም ይተረተራል። እንዲህም ሆኖ ሥራ አልጠፋለትም፤ ወፍራምና በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ለጠረጴዛ እግር ተገቢ ነው።

ከእነዚህ መካከል ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ፣ ከእነርሱም ጋር ኮሶ፣ ቁጥራቸው ስለ ተመናመነ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ስለዚህ የቤት አናጢ ደን የሚመነጥር ነጋዴን ከሚያበረታታ ይልቅ የፈረሰ ቤትን ቢመለከት ለሕሊናውም ለሥራውም ይበጀዋል። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣው የወለል ጣውላ፣ የመስኮት መቃንና መዝጊያ ብዙ ጊዜ ዝግባ ወይም ዋንዛ ነው፤ አምሳ ዓመት ያህል ክረምትና በጋ ስላፈራረቀበትም ከአዲሱ ይልቅ የረጋ ነው። ጉዳቱ በሆዱ የደበቀው ምስማር ነው፤ አንድ የተሰበረ ምስማር የመጋዝን ጥርስ በቅጽበት ያበላሻልና ጣውላውን በብረት ብሩሽ ጠርጎ፣ በማግኔት ፈትሾ ማሰናዳት ያስፈልጋል። ዕቃ ተጭኖበት ከውጭ የሚመጣው ፓሌትም የማይናቅ ነው፤ ነገር ግን በጎኑ የታተመውን ምልክት ማንበብ ይገባል። ኤች ቲ የሚለው ተባዩ እንዲሞት እስከ ልቡ በ56 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ የቆየ መሆኑን ሲያመለክት፣ ኤም ቢ የሚለው ደግሞ በመርዛም ጢስ የታጠነ መሆኑን ያመለክታልና ሁለተኛው ወደ ቤት ባይገባ ይሻላል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንምጣ። እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ከአየሩ ጋር ውኃ መለዋወጡን አያቆምም፤ አየሩ ሲረጥብ ይጠጣል፣ ያብጣልም፤ ሲደርቅ ይተፋል፣ ይኮማተራልም። ይህም ለውጥ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በቁመቱ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ በሚሄደው መስመር ይታያል፤ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ በሚዞረው አቅጣጫ ደግሞ የዚያ እጥፍ ያህል ይሆናል። ጣውላ ሲደርቅ ወደ አንድ ወገን የሚጎብጠው በዚህ አለመተካከል ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ ሰማይ ሥር፣ ሐምሌና ነሐሴ በደመናና በዝናብ፣ ታኅሣሥና ጥር በደረቅ ነፋስ በሚያልፉበት አገር፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በሁለቱ ወቅቶች መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሰፋና ቢጠብ የሚያስገርም አይደለም።

ይህን የማያውቅ ቤት የለም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በሐምሌ አጋማሽ የጓዳው በር መቃኑን ነክሶ አልከፈትም ይላል፤ የቤቱ እመቤት ጎረቤቱን አናጢ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይህን በር አንድ ይበሉልን» ትላለች። ሰውየው ቸኩሎ መላጊያውን ቢያነሣና ጠርዙን ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቢልገው በሩ በዚያው ቀን ይታዘዛል፤ ምስጋናም ቡናም ያገኛል። ጥር ሲገባ ግን መዝጊያው ደርቆ ይጠብና በእርሱና በመቃኑ መካከል የእርሳስ ውፍረት ያህል ክፍተት ይታያል፤ ብርድም አቧራም በዚያ ይገባል። ዐዋቂው በሐምሌ የሚሠራው የነከሰበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ሳሙና ወይም ሰም ቀብቶ ማሳለፍ ነው፤ መላጊያው የሚነሣው በጋው ገብቶ በሩ እንደ ደረቀ ነው፤ ያን ጊዜም የሚነሣው መጠን ጥቂት ሆኖ፣ ባዶው ጠርዝ ወዲያው በቀለም ወይም በዘይት ይሸፈናል። ጥንታዊው መድኃኒት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። መዝጊያው አራት ጠባብ እንጨቶች የተጋጠሙበት ክፈፍ ይሆንና፣ ሰፊው ጣውላ በክፈፉ ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ሳይጣበቅ ይገባል፤ ሲያብጥ ወደ ቦዩ ውስጥ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፣ ክፈፉ ግን አይንቀሳቀስም። በዚህ ቦይ ውስጥ ኮላ የሚያፈስ ተማሪ ጣውላው መካከሉ ላይ ተሰንጥቆ ያገኘዋል።

ከላሊበላ ራቅ ብሎ በዋሻ ውስጥ የቆመውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ከድንጋዩ ጋር በንጣፍ በንጣፍ የተደረደረው እንጨት ከዛጉዌ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ እንዴት ሊቆይ ቻለ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በጎ ፈቃድና ጸሎት እንዳለ ሆኖ፣ ዋሻው ዝናቡንም ፀሐዩንም ከልክሎለታልና ውኃው ሲወጣና ሲገባ አላንገላታውም።

ስለ መሥሪያው ጠረጴዛ ብዙ አልናገርም። ከባድ ይሁን፣ አይነቃነቅ፤ ቁመቱም ቆመን እጃችንን ወደ ታች ስንዘረጋ አንጓችን ከሚያርፍበት አይለፍ፤ ከዚያ ከፍ ካለ መላጊያው በክንድ ብቻ ይገፋል፣ ትከሻም ቶሎ ይደክማል። ለጠረጴዛው የሚያስፈልገው ዋና መቆንጠጫ ሞርሳ ነው፤ አዲሱ ውድ ቢሆን ከልደታ በእግር በሚደረስበት በመርካቶ፣ በምናለሽ ተራ፣ ብዙ እጅ የዞረ ጠንካራ ብረት ይገኛል። የሚገዛው ሰው ጥርሱ በሙሉ መያዝ አለመያዙን፣ የሚዞረውም ብሎን አለመበላቱን ይመልከት፤ ዝገት ግን በሞረድና በዘይት ይሄዳልና አያስፈራው።

ስለት ላይ ስደርስ ቃሌ ይረዝማል። ብዙ ሰው የእጅ መሣሪያን ትቶ ወደ ማሽን የሚሸሸው የእጅ መሣሪያው ስለ ተሳነው ሳይሆን ደንዞ ሳለ ስለ ገዛው፣ እንደ ደነዘም ስለሚጠቀምበት ነው። ከሱቅ የመጣ መሮ ገና አልተሳለም፤ አስቀድሞ ጀርባው፣ ማለት ጠፍጣፋው ወገን፣ በመሳያ ድንጋይ ላይ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይስተካከላል፤ ስለት ማለት የሁለት ገጾች መገናኛ እንደ መሆኑ አንዱ ገጽ ጎድጓዳ ሆኖ ሳለ ሌላውን ብቻ መሳል ድካም ነው። ከዚህ በኋላ የተዳፋው ወገን በ25 ዲግሪ ያህል ይሞረድና ጫፉ ብቻ በ30 ዲግሪ ይሳላል። ጣት በጀርባው በኩል ቀስ ብሎ ሲያልፍ ከዳር እስከ ዳር የሚሻክር ቀጭን የብረት ከንፈር ከተሰማ ድንጋዩ እስከ ጠርዙ ደርሷል ማለት ነው፤ ያም ከንፈር ጀርባውን አንድ ሁለት ጊዜ በመሳብ፣ በመጨረሻም በቆዳ ላይ በማሸት ይወገዳል። ፈተናው የክንድ ፀጉር መላጨት አይደለም፤ የዝግባን ጣውላ ጫፍ፣ ቃጫው ቆሞ በሚታይበት በኩል፣ በእጅ ግፊት ብቻ መላግ ነው፤ ገጹ እንደ ተወለወለ አብረቅርቆ ከቀረ መሮው ተስሏል፤ ደብዝዞና ተጨፍልቆ ከታየ ወደ ድንጋዩ ይመለስ። በኤሌክትሪክ ድንጋይ ለሚሞርድ ሰው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ብረቱ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካሳየ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ጥንካሬውን አጥቷልና ያ ክፍል እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይዝም። በአጠገብ የውኃ ጣሳ አኑሮ በየጊዜው መንከር ይህን ያስቀራል።

መጋዝም ሁለት ጠባይ አለው። በቁመቱ የሚሰነጥቀው ጥርሱ እያንዳንዱ እንደ ትንሽ መሮ ፊት ለፊት ይገፋል፤ በአግድም የሚቆርጠው ግን ጥርሱ በጎኑ የተሳለ ስለ ሆነ ቃጫውን አስቀድሞ ይቆርጥና ከዚያ ያወጣዋል፤ አንዱን በሌላው ስፍራ የሚጠቀም ሰው በከንቱ ይደክማል። መላጊያን በተመለከተ ቃጫውን ማንበብ ይቀድማል፤ ጣውላ እንደ ድመት ጀርባ ነው፣ በአንዱ አቅጣጫ ሲዳሰስ ይለሰልሳል፣ በተቃራኒው ይቆማል። የጣውላውን ጎን ተመልክቶ ቃጫው ወደ ላይ በሚወጣበት አቅጣጫ የሚገፋ ሰው ረጅምና ቀጭን ፍቅፋቂ ሲያወጣ፣ ተቃራኒውን የያዘ ጣውላውን ይቦጭቃል፤ የብርጭቆ ወረቀትም ያን ቡጭቂያ ለመጠገን ብዙ ሰዓት ይበላል።

እንግዲህ ማሽኑ። በአናጢ ቤቶች ዘወትር የምናየው አንድ ሞተር መጋዙንም መላጊያውንም መሰርሰሪያውንም የሚያዞርበት ጥምር ማሽን ብዙ ጊዜ በ380 ቮልት፣ በሦስት መስመር ይሠራል፤ የመኖሪያ ቤት መብራት ግን አንድ መስመር፣ 220 ቮልት ነውና ማሽን የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብብ። አንድ ኪሎ ዋት ተኩል የሚሆን ሞተር ሲነሣ በሥራ ላይ ሳለ ከሚስበው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይስባል፤ ስለዚህ ለአምፑል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ መሰካት ሽቦውን ማቃጠል ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድና ቮልቱ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ተመሳሳዩን ሥራ ለመሥራት የበለጠ ስለሚስብ ይግላል፤ ሽታው ሲሰማ ማቆም ይገባል።

የሞተሩ ፍጥነት ከመብራቱ ጠባይ ይመጣል። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ የዚህ ዓይነቱ ሞተር እንደ አሠራሩ በደቂቃ ወይ 1400 ወይ 2800 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈለገው ፍጥነት በቺንጋና በፑሌጃ ይገኛል፤ በሞተሩ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር፣ በመጋዙ ዘንግ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፑሌጃ ቢገባ 1400ው 2800 ይሆናል። አሁን ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ መጋዝ በዚህ ፍጥነት ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ፊት ለፊት ያሉት ጥርሶች ወደ ታች ስለሚሄዱ ጣውላውን ከጠረጴዛው ጋር ያጣብቁታል፤ ከኋላ ያሉት ግን ወደ ላይ ስለሚወጡ፣ የተሰነጠቀው ጣውላ ተመልሶ መጋዙን ቢቆነጥጥ ወይም ጠርዙ ጠማማ ሆኖ በመሪውና በመጋዙ መካከል ቢጣበቅ፣ አንሥተው በዚያው ፍጥነት ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። ከመጋዙ ኋላ የሚቆመው ቀጭን የብረት ምላስ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው፤ ሥራ ያዘገያል ብለው የሚነቅሉት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም። በመጋዙ ትይዩ አለመቆም፣ የመጨረሻውን ግፊት በእጅ ሳይሆን በእንጨት መግፊያ ማድረግ፣ ጓንት አለማጥለቅ ይገባል። በአንገት የተንጠለጠለ ማተብም ከሸሚዝ በታች ይግባ፤ የሚዞር ነገር ክር አይምርምና።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ማሽን ከነጩኸቱ የጎረቤት ጠብ ያስነሣል። የእጅ መጋዝና መላጊያ ሕፃን ሳይቀሰቅሱ ይሠራሉ፤ መብራት ሲጠፋም አይቆሙም። ማሽን የግድ ከሆነ ሻካራውን ቅድ በሰፈሩ አናጢ ቤት በክፍያ አስቀድዶ ማምጣት፣ በቤት ግን ትራፓኖንና ካቻቪቴን ይዞ መቅረት የብልህ መንገድ ነው። ሰጋቱራውን ለዶሮ ቤት ንጣፍ የሚወስድ አይጠፋም፤ የሚያሳስበው ዐይን የማያየው ብናኝ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ለአፍንጫ ካንሰር መንሥኤ ከሆኑት ነገሮች ጋር መድቦታልና፣ የብርጭቆ ወረቀት በሚሠራበት ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ብናኙንም በደረቅ መጥረጊያ ከማቡነን ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ሥራ የመጻሕፍት መደርደሪያን እመርጣለሁ፤ ያውም ያለ ምስማርና ያለ ኮላ የሚገጣጠም፣ ሲፈለግም የሚፈታ። የሕንፃዎቹ ደረጃ ጠባብ፣ መታጠፊያውም አጭር ስለ ሆነ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ወንበሩን ወይም አልጋውን በገመድ በመስኮት ሲያወጣ ታይቷል፤ የሚፈታ ዕቃ ግን በብብት ተይዞ ይወጣል። ሁለት የቆሙ ጎኖችና ሦስት አግድም ጣውላዎች ይበቃሉ። የአግድሙ ጫፍ ወንዴ ሆኖ በጎኑ ጣውላ ላይ በተፈለፈለው ሴቴ ቀዳዳ ያልፍና በውጭ በኩል ብቅ ይላል፤ ብቅ ባለው ምላስ ላይ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ይበጃል፤ በዚያም የወይራ ሽብልቅ ይመታበታል። ምስጢሩ ይህ ትንሽ ቀዳዳ ከጎኑ ጣውላ ገጽ ጋር እኩል እንዳይጀምር፣ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ እኩል ከሆነ ሽብልቁ የሚስበው ነገር አያገኝም፣ መደርደሪያውም ይወዛወዛል። ቀዳዳው ከመፈልፈሉ በፊት መስመሩ በእርሳስ ሳይሆን በቢላዋ ጫፍ ይጫር፤ መሮው በተጫረው ቦይ ውስጥ ራሱ ይቀመጣል። ከሁለቱም ገጽ እስከ መካከል መፈልፈል እንጂ ከአንድ ወገን ብቻ ማሳለፍ አይገባም፤ የኋላው ገጽ ይቀደዳልና።

የአግድሙ ውፍረት በዐይን ግምት አይወሰን። ጣውላ ለመጉበጥ የሚያሳየው እምቢታ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ያድጋልና፣ ከ2 ሳንቲ ሜትር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ማለፍ ብርታቱን እጥፍ ሊያደርገው ጥቂት ይቀረዋል፤ በአንጻሩ ርዝመቱ ከ60 ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ቢያድግና በመጻሕፍት ቢሞላ ጉብጠቱ አምስት እጥፍ ይሆናል። ችፑድ በዚህ ረገድ ከሁሉ ይደክማል፤ በየቤቱ ሆዱ የወረደ መደርደሪያ የሚታየው ስለዚህ ነው። ከባድ መጽሐፍ ያለው ሰው ርዝመቱን ከ80 ሳንቲ ሜትር ባያሳልፍ ጥሩ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ለዋንዛና ለዝግባ ከሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይልቅ የተልባ ዘይት እወዳለሁ፤ ቢቧጨር በላዩ ላይ ይደገማል፣ የእንጨቱንም መልክ አይሸፍነውም። በቤት የተጨመቀው ጥሬ ዘይት ለመድረቅ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ከቀለም ሱቅ የሚገኘው፣ ማድረቂያ የተቀላቀለበት ግን ቶሎ ይያዛል። በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልጠጣውን ሁሉ መጥረግ፣ ደርቆ ከታየ በኋላ መድገም ነው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ስለ ሆነ በዚያ ውሕደት ሙቀት ያወጣል፤ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ በጥግ ቢጣል ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ይነዳል። ስለዚህ ጨርቁ ወይ በገመድ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ወይ ውኃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ተነክሮ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ይህም የሚደረገው እጅ ከመታጠቡ በፊት ነው።